ሰኞና ሐሙስ ጠዋት

እኔ ክፉ አለቃ አይደለሁም። ይህን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገለው፤ አለዚያ መሀል ላይ ትዝ እያለኝ ያደናቅፈኛል። ነርስ ሰድቤ አላውቅም። በሽተኛ ፊት በማንም ላይ ጮኼ አላውቅም። የማንንም ደመወዝ አስቆርጬ አላውቅም። ከዚያ ውጭ ያለውን እናንተ ፍረዱ፤ እኔ ሰልችቶኛል።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሠላሳ ሁለት አልጋ፣ በወረቀት አሥራ ዘጠኝ ነርስ፣ በአካል አሥራ አንድ። ነርሶቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሉኛል። ከጀርባዬ ደግሞ «እናያለን» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው እሱን ስለሆነ ነው። ፈቃድ? እናያለን። የፈረቃ ለውጥ? እናያለን። የተበላሸው የደም ግፊት መለኪያ? እሱንም እናያለን። ይህን ስም አንዷ አፍ አምልጧት ስትነግረኝ ስቄያለሁ። እምቢ ከማለት ይሻላል ብዬ ነበር የማስበው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት ነርስ ለቀቀብኝ። የመጀመሪያዋ ስትሄድ አልቅሻለሁ። ሁለተኛዋን እስከ ግቢው በር ሸኝቻለሁ። ከአራተኛዋ በኋላ ግን አምፖል ሲቃጠል የሚሰማኝን ያህል እንኳ አልተሰማኝም፤ ደሞ ይቺም ሄደች፣ በማን ልተካት፣ አለቀ። ጥርስ ሊነቀልለት መርፌ የተወጋ ሰው ድዱ እንደሚደነዝዘው ማለት ነው። ሲነካ መነካቱን ያውቃል፣ ሕመሙ ግን የለም። እኔም እንደዚያ ሆኜ ነበር የምውለው።

ለሚለቅ ሰው የሚሞላ ቅጽ አለ። «የለቀቀበት ምክንያት» ከሚለው ሥር አራት ሳጥን ተደርድሯል፤ ትምህርት፣ ጋብቻ፣ የተሻለ ደመወዝ፣ የቤተሰብ ጉዳይ። አምስተኛ የለም። የምሞላው እኔ ነኝ። ማንንም ላለማስቀየም ስምንቱንም የቤተሰብ ጉዳይ ላይ ምልክት አደረግሁ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቅጾቹን ሰብስቦ አየና ነርሶቻችን የሚለቁት ልጅ የሚይዝላቸው አጥተው ነው ብሎ ደመደመ። ምድር ቤት የነበረውን የዕቃ ክፍል አስጠርጎ የሕፃናት ማቆያ ከፈተ፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ዝሆን አሳለበት። በዚያን ጊዜ እኔ ክፍል ሕፃን ልጅ ያላት ነርስ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ልጇ ዝሆኑን ባየ ቁጥር እሪ ስለሚል ማምጣቱን ተወችው። በዚህ ለሳምንት ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቅጹን የሞላው ማን እንደሆነ ግን አልተነፈስኩም።

ከቀሩት ነርሶች አንዷን ጭምቷ እንላታለን። ዋና ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ይመስለኛል። ክፍሌ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ወሬ አታበዛም፣ ሰው አታማም፣ ሻይ ስትጠጣ እንኳ ኩባያው ሲነካ ድምፅ አይሰማም። እጇ ግን ሌላ ነው። ደም ሥሩ የጠፋ ሽማግሌ ሲመጣ ሌሎቹ ክንዱን በጥፊ እየመቱ ይፈልጋሉ፤ እሷ የሰውየውን እጅ በሁለት መዳፏ መሀል አድርጋ ታሞቀዋለች፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ከዚያ አንዴ ትወጋለች። አንድ ጡረታ የወጡ የፖሊስ አዛዥ ነበሩ፤ ሦስት ነርስ አባረው፣ ሐኪሙንም «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ» ብለው አሸማቀው ነበር። ጭምቷ መርፌውን ስታስገባላቸው አንኮራፍተዋል። በነጋታው «ያቺን ዝምተኛ ልጅ ጥሩልኝ» እያሉ ክፍሉን አናወጡት።

አሁን ጥፋቴ ወደሚጀምርበት እመጣለሁ። ነርስ ሲቀር ስልክ የምደውለው እኔ ነኝ። ከዝርዝሩ አናት ላይ ጀምሬ እወርድ ነበር። አንደኛዋ እግሯ ካበጠ ሦስት ዓመቱ ነው። ሁለተኛዋ የእኔን ቁጥር ስታይ ስልኳ ይጠፋል። የሦስተኛዋ አማት በእኔ ቆጠራ አራት ጊዜ ሞተዋል። ጭምቷ ግን ታነሳለች፤ «እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ» ትላለች። ሰው ሞኝ አይደለም፤ እያደር ከላይ መጀመሩን ተውኩትና በቀጥታ ለሷ መደወል ጀመርኩ። እረፍት ቀኗ ሲሆን «አንቺ መቼም ታውቂዋለሽ» እላታለሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ ይህን ስል ያመሰገንኳት ይመስለኝ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኔ ወርቅ መሆኗን አልረሳሁም። ወርቅ ስለሆነች ነው ቀን ከሌት ያደረግኳት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር» አለች።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ስትል ሰምቼ አላውቅም። መነጽሬን አወለቅኩ።

አባቷ አናጢ ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸዋል። ከእኛው ሆስፒታል ጀርባ ባለው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተራ አግኝተዋል። ቤት ውስጥ ያሉት አባትየው፣ እሷና ወንድሟ ብቻ ናቸው። ወንድሟ የሰው ሚኒባስ ይነዳል፤ ጠዋት ጠዋት ከቀረ ባለቤቱ መኪናውን ለሌላ ሾፌር ይሰጥበታል።

«ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ባይመድቡኝ ብዬ ነው። ይቀነስልኝ አላልኩም። በምትኩ የሁለቱንም ቀን ማታ ልግባ። እሑድንም እጨምራለሁ።»

«የዶክተሩ ሐሳብ ምንድን ነው?»

«ዋናዎቹ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ናቸው ብሏል። ሁለቱ ሄደዋል። ደግሞ እዚያ ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው ከተራ ይወጣል። አባዬ አንዱን ቀርቷል።»

ልንገራችሁ፣ ማድረግ እችል ነበር። ፕሮግራሙ ላይ ሁለት ስም ማቀያየር ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ለሷ ከሰጠሁ ነገ ሁሉም በሬ ላይ ይሰለፋል የሚል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ሰኞና ሐሙስ ቀዶ ሕክምና የሚበዛበት ቀን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ይቃጠላል። እሷ ከሌለች ጓንት አጥልቄ መግባት ያለብኝ እኔ ነኝ። ጓንት ካጠለቅኩ ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር፣ ወገቤም ያመኛል፣ ወንበሬንም ለምጄዋለሁ።

«እናያለን» አልኳት።

«እሺ እትዬ» ብላ ወጣች።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ፕሮግራሙን ለጠፍኩ። በበሬ ክፍተት አየኋት። ከሰሌዳው ፊት ቆማ በጣቷ መስመሩን ተከተለች። ሰኞ ጠዋት እሷ። ሐሙስ ጠዋት እሷ። ከላይ እስከ ታች እንደዚያው። የጋውኗን ቁልፍ ቆለፈችና ወደ ስድስተኛው አልጋ ሄደች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔም ምንም ካላለች ምንም የለም ብዬ ተኛሁበት። የሷ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ራሷ እየዞረች ጓደኞቿን መለመን ጀመረች። አንዷ ሰኞዋን ትይዝላታለች፣ እሷ ደግሞ በምትኩ ሁለት ቅዳሜ ትሠራላታለች። እግሯ ያበጠው ሐሙሷን ያዘችላት፤ የሚገርም ነው፣ ለሷ ሲሆን እግሩ ይድናል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ፊርማዬ ያስፈልግ ስለነበር ዝም ብዬ እፈርም ነበር። አንድ ሰኞ ቃል የገባችላት ነርስ ልጇ ታሞባት ቀረች። ጭምቷ ክፍሉን ጥላ መሄድ አልቻለችም። ከሰዓት የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን አብረን ስንቆጥር፣ ዓይኗን ከመድኃኒቱ ሳታነሳ ነገረችኝ።

«አባዬ ሁለተኛውን ቀረ።»

«አይዞሽ» አልኩ። «እስቲ የህመም ማስታገሻው ስንት ነው?»

«አርባ ስድስት» አለች። ጻፍኩት።

በዚህ መሀል ዳይሬክተሩ ከየክፍሉ አንድ «የዓመቱ ምስጉን ነርስ» ጠቁሙ አለን። ሠራተኛ እንዳይለቅ ያበረታታል ተብሎ ነው። ማንን እንደጠቆምኩ መናገር አያሻም። ሙሉ ገጽ ጻፍኩላት፤ ከልቤ ነው የጻፍኩት፣ ስለ እጇ ስጽፍ ራሴን ደስ አለኝ። ብዙ ጊዜ ያልተሰማኝ ነገር ነበር። ሥነ ሥርዓቱ መቼ ነው ብዬ ስጠይቅ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት አሉኝ። ቀኑን ስሰማ የሆነ ነገር ሸነቆጠኝ። ስልኩን አንስቼ ለከሰዓት አድርጉልኝ ማለት እችል ነበር። አላነሳሁትም። አንድ ቀን ነው አልኩ።

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት አዳራሽ ትገኛለሽ» አልኳት። «አዲሱን ጋውን ልበሺ።»

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ።»

«የዚያን ቀን የሚተካኝ ሰው አግኝቼ ነበር፣ እትዬ። ሦስተኛው ይሆናል።»

«ዳይሬክተሩ ራሱ ነው የሚሸልምሽ። አንቺ ካልመጣሽ እኔ ምን ልበል? ወንድምሽ አንድ ቀን ይውሰዳቸው።»

  «እሺ» አለች። እትዬ አላለችኝም።

ሥነ ሥርዓቱ አማረ። ዳይሬክተሩ ነርሶች የሆስፒታሉ የጀርባ አጥንት ናቸው ብሎ ለሃያ ደቂቃ ተናገረ፤ የጀርባ አጥንቶቹ ቆመው ሰሙት፣ ወንበሩ ለእንግዶች ነበር። በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። አጨበጨብን። በፎቶው ላይ እኔ እጄን ትከሻዋ ላይ ጥዬ እስቃለሁ። እሷ የምታየው ካሜራውን አይደለም። ከፎቶ አንሺው በላይ ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር፤ እሱን ነው የምታየው። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ይል ነበር።

ወንድሟ ያን ቀን ሞክሮ ነበር። አባቱን ጭኖ ሲመጣ መንገዱ ተዘጋግቶ ሲደርሱ አራት ሰዓት አልፏል። ስማቸው ተሰርዟል።

ሰኞ ጠዋት የሥራ መልቀቂያዋን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። ሁለት መስመር ነው፤ ወቀሳ የለበትም። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ሰባ ሁለት ቀን ተጠራቅሞላት ስለነበር የማስጠንቀቂያውን ወር በዚያ አካክሳ ያኑ ዕለት መውጣት ትችላለች። ሰባ ሁለት ቀን። እያንዳንዱን «እናያለን» ያልኩት እኔ ነኝ። አስጠራኋት።

«ሰኞና ሐሙስን እሰጥሻለሁ» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ። ውሰጂው።»

«አሁን አያስፈልግም፣ እትዬ። ከተራ ወጥቷል። አዲስ ተራ ከአምስት ወር በኋላ ነው ያሉን። እስከዚያ ቤት ውስጥ እኔው አሠራዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጮኽሽም? ለምን ጠረጴዛ አልደበደብሽም?»

«ነግሬዎት ነበር» አለች።

ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት እኔም ተቆጥቼ እገላገል ነበር። የመድኃኒቱን ቁም ሳጥን ቁልፍና ባጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ ተሰናበተችኝ፣ ወጣች። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ምንም። ቁልፉን አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። የሚቀጥለውን ሳምንት ፕሮግራም አወጣሁ። ምሳዬን በላሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ስብሰባው በዛ። እግሯ ያበጠው በወሩ ለቀቀች፤ ጭምቷ ከሌለች ለማን ብዬ ነው አለችኝ፤ በግልጽ እንዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እንደገና ጓንት አጠለቅኩ። አንዲት ሴትዮን ክንዷ ላይ አራት ቦታ ወጋኋት፤ አራተኛው ላይ «ሴትዮ፣ ጨርቅ እየሰፋሽ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዳይሬክተሩ ጠርቶ «ያቺን ምስጉን ነርስ መልሻት፤ በሦስት ወር ውስጥ ከተመለሰች የአገልግሎት ዘመኗ አይቋረጥባትም» አለኝ። ሁለት ወር አልፎ ነበር። አዲስ ፕሮግራም በእጄ ጻፍኩ፤ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት በሷ ስም ትይዩ ባዶ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ። ማኅተም አስመታሁበት። ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ አንድ ሐሙስ ጠዋት ቤቷ ሄድኩ። እንድትመለስልኝ ልለምናት ነው። ለክፍሉ ብቻ ነው እንዳልል፣ ለራሴም ነበር። እሷ ከተመለሰች ያደረግኩት ነገር እንዳልተደረገ ይሆናል ብዬ ነበር።

ቤታቸው ከአንድ የተዘጋ የእንጨት ሥራ ክፍል ጀርባ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ ድረስ፣ በወገብ ልክ፣ ግድግዳው ላይ የመያዣ እንጨት ተመትቷል። አባትየው ጋቢ ለብሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ጭምቷ ከፊታቸው ዱካ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጃቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ጣታቸውን አንድ በአንድ ትዘረጋለች። ስታየኝ አልደነገጠችም።

«አባዬ፣ አለቃዬ ናቸው» አለች። እጃቸውን በፎጣ ጠቅልላ ትራስ ላይ አስቀመጠችና ሻይ ልታመጣ ወጣች።

ነርስ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት የሰው አካል አይቻለሁ። ፎጣው ገለጥ ብሎ ነበር። አውራ ጣታቸው ወደ መዳፋቸው ገብቷል፣ አንጓቸው ታጥፎ ደርቋል። ስድስት ወሩ ያለቀበት ሳምንት ነው። ይህ እጅ ከእንግዲህ መጋዝ አይዝም። እሷም ታውቃለች፤ እያወቀች ነው የምትዘረጋው።

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ይቅርታ፣ በግራ ነው» አሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው እየተንሸራተተ ነው የሚወጣው። ከዚያ በአገጫቸው ወደ መያዣው እንጨት ጠቆሙኝ። «ወንዱ ልጄ ነው የመታው። ዘንበል ብሏል። ሾፌር ምን ያውቃል?»

ሳቅሁላቸው። እሳቸውም በግማሽ ፊታቸው ሳቁ።

«ልጄ ነግራኛለች» አሉ ቀስ ብለው። «ሥራዬን ለቅቄ አይደለም አባዬ፣ አለቃዬ ናቸው ፈቃድ ሰጥተው አባትሽን አስታሚ ያሉኝ አለችኝ። እኔማ በእኔ ምክንያት እንጀራዋን የተወች መስሎኝ፣ አልበላም አልጠጣም ብዬ ነበር። እሷ ማለች። ስንቱ አለቃ ነው እንዲህ ያለ?» ትንፋሽ አነሳቸው፤ ጠበቅኳቸው። «እግዜር ብድርዎን ይክፈልልኝ። በልጅዎ ያግኙት። ሲቸግርዎ ደራሽ ሰው አይጡ።»

ጭምቷ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ሰምታለች። አየችኝ፤ አልለመነችኝም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው። ዚፑን ብከፍት፣ ወረቀቱን ባወጣ፣ ተመለሺ ብላት፣ ሽማግሌው መልቀቋን ያውቃሉ። የመጣሁበትን አንድ ነገር መናገሪያ ቦታ አልነበረኝም። ድዱ ድንዛዜው ሲለቀው እንዴት እንደሚያም ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ደረቴ ላይ አመመኝ።

«አሜን» አልኳቸው።

ሻዩን ሰጠችኝ። ስኳር ስንት ላድርግ ብላ አልጠየቀችኝም፤ አንድ ተኩል አድርጋበታለች፣ ልክ እንደምጠጣው። ጠጥቼ ጨረስኩና ተሰናብቼ ወጣሁ።